የወታደር ድካም ዕዳ ነው ወይስ ምጽዋት?

ጠቢቡ ሲራክ በመጽሐፉ በ26ኛው ምዕራፍ ልቡን ያሳዘኑትን ነገሮች ሲቈጥር፥ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው በድህነት የተጐሳቈለውን የጦር ሰው ነው። ጠቢቡ ስለ ረኃብ፥ ስለ ደዌና ስለ ሞት በብዙ ስፍራ ያስተማረ ሲሆን፥ ይህን አንዱን ለይቶ የልቡ ኀዘን ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ድሀ ሁሉ ያሳዝናል፤ ነገር ግን አገሩን ሲጠብቅ አካሉን አጥቶ በገዛ አገሩ ደጅ የሚለምን ሰው ከማሳዘን አልፎ ይወቅሳል። ሌላው ድሀ እጁን ሲዘረጋልን የሚጠይቀን ርኅራኄያችንን ነው፤ የእርሱ እጅ ሲዘረጋ ግን የሚጠይቀን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሌላ ነገር ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር እንወዳለን።

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። በጦርነት አካሉን ወይም ጤናውን ወይም የጕልማሳነት ዕድሜውን ለሰጠ ሰው፥ በጦርነትም ለሞተ ሰው ሚስትና ልጆች የምናደርገው ነገር ምጽዋት ነውን? ወይስ ዕዳ መክፈል ነው? አንዳንድ ሰው፥ እንጀራው ከደረሰው ስሙ ምን ቢባል ምን ይለውጣል? ሊል ይችላል። እኛ ግን ልዩነቱ ታላቅ መሆኑን እናምናለን። ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ መጠኑንም ጊዜውንም የሚወስነው ሰጪው ነው፤ ተቀባዩም አመስግኖ ይሄዳል እንጂ ቀረብኝ ብሎ አይከስም። ዕዳ ግን መጠን አለው፤ ቀን አለው፤ ቢዘገይ በደል፥ ቢቀር ግፍ ይሆናል። ምጽዋት የሰጠ ሰው ዋጋውን ከእግዚአብሔር ዘንድ ይጠብቃል፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ግን ከበደል ዳነ እንጂ ቸርነት አደረገ አይባልም። ስለዚህ አንዱን በሌላው ስም ብንጠራው፥ የሰውን ገንዘብ እየመለስን እንደ ቸር ሰው መመስገን እንፈልጋለን ማለት ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ነገር የሚሰጡት ፍርድ ግልጥ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የድሀው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈለው ታዝዟል፤ ነፍሱ በእርሱ ላይ ተስፋ ታደርጋለችና። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ፥ የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፥ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ9ኛው ምዕራፍ ስለ ወንጌል አገልጋዮች መብት ሲያስረዳ፥ በምሳሌነት ካመጣቸው መጀመሪያው ወታደር ነው። በራሱ ስንቅ የሚዘምት ወታደር እንደሌለ ማንም የሚያውቀው በመሆኑ፥ ሐዋርያው ይህን ማስረዳት አላስፈለገውም። እንግዲህ የወታደር ስንቅ የላከው ሕዝብ ግዴታ መሆኑ በሐዋርያት ዘመን እንኳ ክርክር ያልነበረበት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ወታደርን ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው አንድ ነገር አለ። የቀን ሠራተኛ የሚሰጠው ጕልበቱን ነው፤ ጕልበትም በእንቅልፍና በእህል ይመለሳል። ወታደር የሚሰጠው ግን የማይመለሰውን ነው። የተቈረጠ እግር አይበቅልም፤ የጠፋ ዐይን ተመልሶ አይበራም፤ ለሞተውም ሰው ሕይወቱን የሚመልስለት ደመወዝ የለም። ንጉሥ ዳዊት ይህን በሚገባ ያስተዋለ ንጉሥ ነበር። በ2ኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ23ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ዳዊት በቤተ ልሔም በር ካለው ጕድጓድ ውኃ ተመኘ፤ ሦስት ኃያላንም የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ጥሰው ገብተው ውኃውን ቀድተው አመጡለት። ዳዊት ግን ሊጠጣው አልወደደም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። በዋንጫው ውስጥ የታየው ውኃ ሳይሆን በነፍሳቸው ተወራርደው የሄዱት የእነዚያ ሰዎች ደም ነበርና። እኛም ይህን የመሰለ ውኃ በየቀኑ እንጠጣለን። ገበሬው አርሶ የሚያጭድበት ሰላም፥ ነጋዴው የሚጓዝበት መንገድ፥ ታቦታቱ በጥምቀት ያለ ስጋት ወርደው ያለ ስጋት የሚመለሱበት ዕለት፥ ይህ ሁሉ ሰዎች በነፍሳቸው ተወራርደው ያመጡት ውኃ ነው። ዳዊት ውኃውን ሳይጠጣ ያመጡትን ሰዎች አከበረ፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ጠጥተን ያመጡትን ሰዎች እንረሳለን።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ። ወታደር ደመወዝ ተከፍሎታል፤ ሥራውንም ወዶ የገባበት ነው፤ ስለዚህ ከደመወዙ በላይ የሚቀርለት ዕዳ የለም የሚሉ አሉ። በመጀመሪያ፥ ወዶ ገባ የሚለው ቃል ለሁሉ አይሆንም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ከእርሻቸውና ከትምህርታቸው እየተወሰዱ ወደ ጦር ግንባር የሄዱ ወጣቶች እጅግ ብዙ ነበሩ። ሁለተኛም፥ ወዶ የገባውም ቢሆን የተከፈለው ለአገልግሎቱ እንጂ ለአካሉ አይደለም። አንድ ሰው ቤት ሊሠራልን ተዋውሎ ከጣሪያው ወድቆ ወገቡ ቢሰበር፥ የቀኑን ሂሳብ ሰጥቼዋለሁ ብለን በወደቀበት ትተነው ብንሄድ ማንም እውነተኛ ሰው አይፈርድልንም። የአንድ ሠራተኛ ነገር እንዲህ ከሆነ፥ ለአገር ሁሉ የወደቀው ሰው ነገር ከዚህ ያንሳልን?

አባቶቻችን ይህን ዕዳ ፈጽመው አያውቁትም ነበር አይባልም። በቀድሞው ሥርዐት ለወታደር መተዳደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላም ለአርበኞችና ለስደተኞች መሬት እንዲሰጥ ታዝዞ ነበር። በዚህ ውስጥ የምናመሰግነውም የምንጠነቀቅበትም ነገር አለ። የሚመሰገነው፥ አገሪቱ በጥሬ ገንዘብ ድሀ ሳለች እንኳ የተዋጋላት ሰው በባዶ እጁ እንዳይቀር ማሰቧ ነው። የምንጠነቀቅበት ደግሞ፥ ለወታደሩ የተሰጠው መተዳደሪያ ብዙ ጊዜ በገባሩ ትከሻ ላይ የተጫነ መሆኑ ነው። ወታደሩ ሲከብር ገበሬው ይራቈት ነበር። የአንዱን ዕዳ በሌላው ድሀ እንጀራ መክፈል ፍትሕ አይደለም፤ ዳዊትም የወታደሮቹን ድካም ያከበረው የራሱን ጥማት ታግሦ እንጂ የሌላውን ማድጋ ነጥቆ አይደለም። የአገር ዕዳ እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ በሚያዋጣው በአገር ሀብት ሊከፈል ይገባል።

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የ1888 ዓ.ም.ን የዓድዋ ድል፥ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የአርበኞችን ቀን እናከብራለን። እነዚህ በዓላት መልካምና አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ከ1928 ዓ.ም. እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተንከራተቱት አርበኞች ብዙዎቹ፥ ከነጻነት በኋላ ጠላትን ሲያገለግሉ የቈዩ ሰዎች ተሾመው እያዩ እነርሱ ደጅ እየጠኑ እንዳረጁ የታወቀ ነው። የኮሪያ ዘማቾችም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ እየተተካኩ ከዘመቱት ከ6,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 የሚበልጡት ሞቱ፤ ከ500 የሚበልጡት ቈሰሉ፤ ከመካከላቸው ግን አንድም የተማረከ አልነበረም። የ1966 ዓ.ም. አብዮት መጥቶ አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀ ጊዜ፥ የእነዚህ ሰዎች ዘመቻ በአደባባይ የማይወሳ ነገር ሆነ። በኋላ ዘመን ያስታወሳቸውና ለእነርሱም ለልጅ ልጆቻቸውም ርዳታ የላከላቸው የደቡብ ኮሪያ ሕዝብ ነው። የደቡብ ኮሪያ ሕዝብ ውለታውን ማሰቡ የሚያስመሰግነው ነው። እኛን ግን ሊያሳስበን ይገባል፤ የገዛ ልጆቻችንን ድካም ባዕድ አስታውሶ ሲጦራቸው ማየት ለአገር ክብር አይደለምና።

ከዚህ የምንማረው፥ ክብርና እንጀራ ሊነጣጠሉ የማይገባቸው መሆኑን ነው። በመጽሐፈ መክብብ በ9ኛው ምዕራፍ የተነገረ አንድ ታሪክ አለ። ጥቂት ሰዎች የሚኖሩባትን ታናሽ ከተማ ታላቅ ንጉሥ መጥቶ ከበባት፤ በውስጧ የነበረ አንድ ድሀ ጥበበኛም በጥበቡ አዳናት፤ ከዚያ በኋላ ግን ያን ድሀ ሰው ማንም አላሰበውም። ከተማዪቱ ዳነች፤ አዳኙም እንደ ድሀነቱ ቀረ። ምናልባት የዳኑበትን ቀን በየዓመቱ በእልልታ ያከብሩ ይሆናል፤ ይህ ግን ለዚያ ድሀ ምን ይጠቅመዋል? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ የተራቈተውንና የተራበውን ሰው በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብቱትን ይገሥጻል። በሐውልት ሥር የአበባ ጕንጕን አኑሮ፥ ከሐውልቱ አጥር ውጭ በክራንች ቆሞ የሚለምነውን አልፎ መሄድ ከዚያ ተግሣጽ አያመልጥም።

እንዲሁም ደግሞ እንጀራ ያለ ክብር ሙሉ አይደለም። ጡረታውን ሊቀበል የመጣውን ሽማግሌ ከጧት እስከ ማታ በፀሐይ ማስቆም፥ ነገ ተመለስ እያሉ ማመላለስ፥ መብቱን ሲጠይቅ እንደ ለማኝ ማመናጨቅ፥ የሚሰጠውን እንጀራ መራራ ያደርገዋል። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለ ታናሽ ሠራተኛ ይህን ሲያደርግ፥ ገንዘቡ የእርሱ እንዳልሆነና በፊቱ የቆመው ሰው አበዳሪው እንደ ሆነ ቢያስብ ኖሮ አያደርገውም ነበር። ምጽዋትንና ዕዳን መለየት የቃላት ጨዋታ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። የሚሰጠውን ነገር ምጽዋት የሚለው ሰው ተቀምጦ ይሰጣል፤ ዕዳ መሆኑን የሚያውቅ ግን ተነሥቶ ይሰጣል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ጥያቄ እንመጣለን። ጦርነቱ ትክክል ባይሆንስ? ወይም ወታደሩ የተሸነፈው ወገን ወታደር ቢሆንስ? ለዓድዋ ዘማች ዕዳ አለብን ብሎ ማመን ቀላል ነው፤ ድል አድርጓልና፥ ውጊያውም አገርን ከወራሪ ለማዳን ነበርና። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በወደቀ ጊዜ ግን፥ በአፍሪካ ከነበሩት ታላላቅ ሠራዊቶች አንዱ በአንድ ጊዜ ተበተነ። ከ450,000 የሚበልጡ ወታደሮች ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። ብዙዎቹ ረጅሙን መንገድ በእግራቸው ተጕዘው፥ በየከተማው መንገድ ዳር እየለመኑ ወደ ቤታቸው ደረሱ። ከእነርሱ መካከል በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ የመጣውን ወረራ የመከቱ፥ በካራማራ የደሙ ነበሩ። የወደቀው መንግሥት ብዙ ደም ያፈሰሰ ስለ ነበረ፥ በዚያ ጊዜ የብዙ ሰው ልብ በወታደሩም ላይ ጨክኖ ነበር። እርግጥ ነው፥ የተበተኑትን ወታደሮችና የጦር ጕዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን በዚያው ዓመት ተመሥርቷል፤ ወደ ገጠር ለተመለሱትም ለጥቂት ወራት የሚሆን ቀለብ፥ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ተሰጥቷል። ይህ ሊካድ የማይገባው መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የጥቂት ወራት ቀለብ የዕድሜ ልክ ጕዳትን አይሽርም፤ በልብ የቀረው ጥያቄም መልስ አላገኘም። ጥያቄውም፥ በወደቀ መንግሥት ዘመን የዘመተ ሰው አገር ዕዳ አለባትን? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ መልስ በ2ኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ9ኛው ምዕራፍ እናገኛለን። ንጉሥ ሳኦልና ልጁ ዮናታን በጦርነት ከሞቱ በኋላ፥ ከሳኦል ቤት ሜምፊቦስቴ የሚባል የዮናታን ልጅ ቀርቶ ነበር። ይህ ልጅ አባቱ በሞተ ጊዜ የ5 ዓመት ሕፃን ነበር፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በሎዶባር፥ በሰው ቤት ተጠግቶ ይኖር ነበር። በዚያ ዘመን አዲስ የነገሠ ንጉሥ የቀድሞውን ንጉሥ ዘር ማጥፋቱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ሳኦልም ዳዊትን ለመግደል ብዙ ዘመን ያሳደደው ሰው ነው። ስለዚህ ሜምፊቦስቴ ወደ ንጉሡ በተጠራ ጊዜ በፊቱ ወድቆ ራሱን እንደ ሞተ ውሻ ቈጠረ። ዳዊት ግን ሦስት ነገር አደረገለት። የአያቱን እርሻ ሁሉ መለሰለት፤ ሲባን ከ15 ልጆቹና ከ20 አገልጋዮቹ ጋር እርሻውን እንዲያርሱለት አዘዘለት፤ በንጉሡም ማዕድ ዘወትር እንዲበላ አደረገው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን፥ ዳዊት ይህን ያደረገው ለድሀ አዝኖ ብቻ አለመሆኑን ነው። ያደረገው ስለ ዮናታን፥ ማለትም አስቀድሞ ስለ ገባው ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳን ደግሞ ዕዳ ነው። ቃል የተገባለት ሰው ቢሞት፥ መንግሥትም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ቢያልፍ፥ ቃል ኪዳኑ አልፈረሰም። በሀገርና በወታደሯ መካከል ያለውም ነገር እንዲሁ ነው። ወታደሩ ሲዘምት የሚዘምተው በአገር ስም ነው፤ የጠራው አዋጅ በአገር ስም የወጣ ነው፤ የተሸከመው ሰንደቅ ዓላማ የአገር ነው። መንግሥታት ያልፋሉ፤ አገር ግን ትኖራለች፤ የምትኖረውም ከነዕዳዋ ነው። አዲስ መንግሥት የቀደመውን መንግሥት ብድር ለውጭ አገር አበዳሪዎች የሚከፍል ከሆነ፥ አካላቸውን ላበደሩ ለገዛ ልጆቹ እንደማይከፍል በምን ሊናገር ይችላል?

ይህን ስንል ግን ሚዛኑን ልንስት አይገባንም። ወታደርን ማክበር ጦርነትን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም፤ ደም የሌለበትን ሰው የገደለ፥ ሴቶችን ያዋረደ፥ የድሀ ቤት ያቃጠለ ሰው በወታደር ልብስ ከፍርድ ሊሸሸግ አይችልም። መጥምቁ ዮሐንስ ምን እናድርግ ብለው የጠየቁትን ወታደሮች በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፥ በሐሰት እንዳይከስሱ፥ ደመወዛቸውም ይበቃን እንዲሉ አስተማራቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ስለዚህ ወንጀለኛ በወንጀሉ ይጠየቅ፤ ታዝዞ የሄደውና በሕግ የተዋጋው ብዙው ወታደር ግን በላኪዎቹ ኀጢአት አይኰነን። ጦርነቱን ያወጁት ሰዎች በሰላም ጊዜ ቤታቸው ተቀምጠው፥ የጦርነቱን ውግዘት እግሩን ያጣው ሰው ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንግዲህ ዕዳ መሆኑን ካመንን፥ እንዴት እንደሚከፈል ማሰብ ይገባናል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ያስተማረው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ለዚህ መሪ ይሆነናል። ሳምራዊው የቈሰለውን ሰው ቁስል አስሮ ብቻ አልሄደም፤ በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ አደረ፤ በማግሥቱም ሁለት ዲናር ለባለ ማደሪያው ሰጠ፤ ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ ተዋዋለ። በዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ ፈጥኖ መድረስ፥ ዐዋቂ ዘንድ ማድረስና ተመልሶ መጠየቅ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እናደርጋለን፤ የሚጐድለን ሦስተኛው ነው። ጦርነት ሲነሣ ስንቅ እናዋጣለን፤ ቁስለኛ ሲመጣ ሆስፒታል ሄደን እንጠይቃለን፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ያ ቁስለኛ የት እንደ ወደቀ አንጠይቅም።

እግሩ የተቈረጠን ሰው እንውሰድ። ሰው ሠራሽ እግር አንድ ጊዜ ተገጥሞ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ ያረጃል፤ ይሰበራል፤ የተቈረጠውም አካል መጠኑ እየተለወጠ ስለሚሄድ እንደገና ሊለካና ሊስተካከል ያስፈልገዋል። በገጠር የሚኖር ጕዳተኛ ይህን የሚያገኘው ርቆ ተጕዞ ወደ ከተማ በመሄድ ነው፤ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ሲያጣም የተሰበረውን እግር ጥሎ በዱላ ይቀራል። ስለዚህ እግሩን በነጻ ሰጥተነዋል ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ ወደ ሐኪሙ የሚያደርሰው መንገድም የዕዳው ክፍል ነው።

የጡረታ ሕጋችንም በአገልግሎት ላለ ወታደር ብቻ ሳይሆን ለሟቹ ሚስት፥ ለታናናሽ ልጆቹና በእርሱ ይጦሩ ለነበሩ ወላጆቹ መብት ይሰጣል። ነገር ግን መብቱ በወረቀት ይረጋገጣል፤ ድሀዋ መበለት ደግሞ ወረቀት የላትም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተጋቡና የወለዱ ብዙዎች የጋብቻም ሆነ የልደት የመንግሥት ማስረጃ የላቸውም። በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ድርሻ አላት። የቃል ኪዳኑን ጋብቻ የፈጸመው ካህን ነው፤ ልጁን ያጠመቀውም ካህን ነው። የክርስትናና የጋብቻ መዝገባችን በሥርዐት ቢያዝ፥ ለአንዲት መበለት የልጆቿ እንጀራ ይሆናል፤ መዝገቡ በእርጥበትና በምስጥ ቢጠፋ ግን የእርሷ መብት አብሮ ይጠፋል።

ሌላም የማይታይ ቁስል አለ። ከጦርነት የተመለሰ ሰው ሌሊት እየጮኸ ይነሣል፤ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ይሸበራል፤ በመጠጥ ይደበቃል፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መኖር ያቅተዋል። ጎረቤቱም አንድ ጊዜ አበደ፥ አንድ ጊዜ ርኩስ መንፈስ ያዘው እያለ ይሸሸዋል። ይህን የመሰለው የአእምሮ ሕመም በሕክምና የታወቀና የሚረዳ ሕመም ነው። ቤተ ክርስቲያን ጸሎትና ጠበል አላት፤ እነዚህም ከሐኪም መድኃኒት ጋር የሚጣሉ አይደሉም፤ የሐኪሙንም ጥበብ የሰጠ እግዚአብሔር ነውና። ስለዚህ ወደ ጠበል የመጣውን ሕመምተኛ መድኃኒትህን ጣል ብሎ ማዘዝ፥ በማሰርና በመግረፍም ማስጨነቅ፥ ለቆሰለው ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ካህኑ በአንድ እጁ መስቀሉን፥ በሌላው እጁ የሕመምተኛውን እጅ ይዞ ወደ ሆስፒታል ቢያደርሰው ሙሉ አባት ይሆናል።

ከዚህ ጋር የነፍስ ጉዳይ አለ። ታላቁ አባት ቅዱስ ባስልዮስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖናዊ መልእክት፥ በጦርነት የገደሉትን ሰዎች የቀደሙ አባቶች ከነፍሰ ገዳዮች እንዳልቈጠሯቸው ገልጦ፥ ነገር ግን ለ3 ዓመት ከቍርባን ቢከለከሉ መልካም ሳይሆን እንዳልቀረ ተናግሯል። ይህን የጠቀስነው ዛሬ ቀኖና ለመወሰን አይደለም፤ ያ የአባቶችና የንስሐ አባቶች ሥልጣን ነው። የጠቀስነው አባቶቻችን የወታደሩን ልብ እንዴት እንዳወቁት ለማሳየት ነው። አልኰነኑትም፤ ምንም እንዳልሆነም አላሉትም። በሕጋዊ ጦርነት እንኳ የሰው ደም በእጁ ያለፈ ሰው፥ ጀግና ነህ የሚለው ጭብጨባ ብቻ አያሳርፈውም፤ ቀስ ብሎ የሚሰማው፥ ጊዜ የሚሰጠው፥ ወደ ቅዱስ ቍርባን እጁን ይዞ የሚመልሰው አባት ያስፈልገዋል። ይህን አገልግሎት መንግሥት ሊሰጠው አይችልም፤ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

የዕዳው ባለ መብት ጠመንጃ የያዘው ብቻ እንዳልሆነም ማሰብ ይገባል። ዳዊት አማሌቃውያንን ባሳደደ ጊዜ 400 ሰዎች አብረውት ሲሄዱ፥ 200 ደክመው በቦሦር ወንዝ ከጓዙ ዘንድ ቀሩ። የተዋጉት ሰዎች ምርኮውን ላልተዋጉት ማካፈል አልወደዱም ነበር፤ ዳዊት ግን የዘመተውና ጓዝ የጠበቀው ዕድላቸው እኩል እንዲሆን ፈረደ፤ ፍርዱም በእስራኤል ሥርዐት ሆኖ ጸና። በዓድዋም በአርበኝነቱም ዘመን ስንቅ የተሸከሙ፥ ውኃ የቀዱ፥ ቁስለኛ ያነሡ ሴቶች ነበሩ። ዛሬም የአካል ጕዳተኛ ባሏን ወይም ልጇን ለ20 እና ለ30 ዓመት እያጠበችና እያጐረሰች የምትኖር ሴት ጓዝ ጠባቂ ናት። ስሟ በማንኛውም የሜዳልያ መዝገብ ላይ የለም፤ በዳዊት ፍርድ ግን ድርሻዋ እኩል ነው።

ይህ ሁሉ የአገር ሥራ ሲሆን፥ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ ለሚል እንዲህ እንመልሳለን። በመጀመሪያ ሰበካ ጉባኤው በአጥቢያው ያሉትን የጦር ጕዳተኞች፥ የሞቱትን ወታደሮች መበለቶችና ወላጅ አልባ ልጆች ስም ዝርዝር ይያዝ፤ ያልታወቀ ሰው አይረዳምና። ሁለተኛ፥ ማስረጃ ለሚያስፈልጋቸው ፈጥኖና ያለ ክፍያ ይስጥ። ሦስተኛ፥ ከምእመናን መካከል ማንበብና መጻፍ፥ ሕግም የሚያውቁ ሰዎች ተመርጠው ሽማግሌውንና መበለቲቱን ወደ መሥሪያ ቤቱ አብረው ይሂዱላቸው። አራተኛ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በቤታቸው የቀሩትን ጕዳተኞች በተራ ይጠይቁ፤ ውኃ ይቅዱላቸው፤ ታሪካቸውንም ይስሙ። አምስተኛ፥ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ወይም ሌላ ሠራተኛ ስትቀጥር፥ መሥራት የሚችለውን ጕዳተኛ በተገቢ ደመወዝ ታስቀድም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የመንግሥትን ድርሻ የሚተካ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ምጽዋት ስለ ሰጠች አገር ዕዳዋን እንደ ከፈለች ብትቈጥር፥ ምጽዋቱ የግፍ መሸፈኛ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ በኩል እየረዳን፥ በሌላ በኩል ዕዳው እንዲከፈል መናገር ይገባናል።

ይህ ትምህርት ለዘመናችን የቀረበ መሆኑን ማንም አይስተውም። ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተደረገው ጦርነት ወንድም ከወንድሙ የተዋጋበት ነበር። ከፕሪቶርያው የሰላም ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን፥ በልዩ ልዩ ክልሎች የሚገኙ ከ370,000 የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ ነበር፤ በትግራይም ሥራው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተጀመረ። እነዚህ ሰዎች የሚመለሱት ወደ እኛ አጥቢያ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ በአንዱ ወገን የተሰለፈና በሌላው ወገን የተሰለፈ፥ ወይም የአንዱ እናትና የሌላው እናት፥ በአንድ ቅዳሴ ሊቆሙ ይችላሉ። በዚያ ጊዜ ካህኑ የማንን ቁስል ያስቀድማል? ሳምራዊው በመንገድ የወደቀውን ሰው ወገንህ ማን ነው ብሎ እንዳልጠየቀው፥ ዳዊትም የአሳዳጁን የሳኦልን የልጅ ልጅ በማዕዱ እንዳስቀመጠው፥ እንዲሁ ቁስሉ የጠለቀው ይቅደም። የጦርነቱን ፍርድ ታሪክና ሕግ ይስጡት፤ በመጨረሻም የማይሳሳተው ዳኛ ይፈርደዋል። የቆሰለውን ማንሣት ግን እስከዚያ ድረስ የሚቈይ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ አባቶች ካህናት፥ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፥ ሲራክ ያዘነበት ሰው በየአጥቢያችን አለ። እርሱን ስናይ እጃችን ወደ ኪሳችን ከመግባቱ በፊት ልባችን ይህን ይወቅ፤ የምንሰጠው ከገንዘባችን ቈርሰን አይደለም፤ ከእርሱ ዘንድ ተበድረን ካቈየነው ጥቂቱን እንመልሳለን እንጂ። ዕዳውን ያወቀ ሰው ሲከፍል አይመጻደቅም፤ ባይችል እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ፊቱን አያዞርም። እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን ይስጥልን፤ የወደቁትን ያሳርፍልን፤ የቆሰሉትንም የምንፈልግበትን ልብ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።